የጠፋው ምልክት፦ በአንጎል ሕዋስ ሽፋን ላይ ስለሚጻፍና ስለሚፋቅ ፎስፌት

ፊልሙ ከማጠቢያው ሲወጣ ባዶ ነበር። በጨለማው ክፍል ቀይ መብራት ስር አንስቼ አገላብጬ አየሁት፤ ከአይጥ ሂፖካምፐስ (ለትውስታ ከሚያስፈልገው የአንጎል ክፍል) ካዘጋጀኋቸው አሥራ ሁለት ናሙናዎች በአንዱም ላይ የጠበቅሁት፣ የምፈልገውን ፕሮቲን የሚያሳየው ጥቁር መስመር አልታየም። ያው ናሙና በሌላ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚጣበቅ ሞለኪውል፣ ሲፈተሽ ግን ፕሮቲኑ ራሱ፣ ማለትም ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ቅመም የሚቀበለው ተቀባይ ክፍል የሆነው ግሉኤ1፣ በአሥራ ሁለቱም መደዳ ላይ ደምቆና እኩል ሆኖ ወጥቷል። ስለዚህ ፕሮቲኑ አልጠፋም፤ የጠፋው በላዩ ላይ የነበረው ምልክት ነው። ምልክቱ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ 845ኛውን ቦታ ከያዘው ሰሪን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር የተያያዘ አንድ ፎስፌት ሲሆን፣ የተጠቀምሁበት አንቲቦዲም ፕሮቲኑን የሚለየው ፎስፌቱ በቦታው ካለ ብቻ ነው።

ሥራዬን ይከታተሉ የነበሩት መምህር ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዘው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «የፎስፋቴዝ ማገጃውን ጨምረሽበታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የቤተ ሙከራ መዝገቤን ገልጬ አየሁ። ሕብረ ሕዋሱን የምፈጭበትን ፈሳሽ ባዘጋጀሁበት ቀን የሶዲየም ፍሎራይዱ ረድፍ ላይ ምልክት አላደረግሁበትም። የሁለት ሳምንት ሥራ በአንድ ረድፍ ምክንያት ቀረ። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ስለ ትውስታ ያነበብሁትንና የሠራሁትን ሁሉ የማየው በዚያ ባዶ ፊልም በኩል ነው፤ የዛሬው ጽሑፍም ከዚያው የተነሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች አሉ፤ ካይኔዝ ይባላሉ። ፎስፌቱን የሚፍቁም አሉ፤ ፎስፋቴዝ ይባላሉ። ካይኔዞች ፎስፌቱን የሚወስዱት የሕዋስ የኃይል ምንጭ ከሆነው ከኤቲፒ ስለሆነ፣ ሕብረ ሕዋሱ ተፈጭቶ ኤቲፒው ሲያልቅ ሥራቸውን ያቆማሉ። ፎስፋቴዞች ግን ከውሃ በቀር ብዙም የሚፈልጉት ነገር ስለሌለ፣ የሚያግዳቸው ካልተገኘ በቀር በቱቦው ውስጥም መፋቃቸውን ይቀጥላሉ። ጸሐፊው እጁን ሲሰበስብ ፋቂው ብቻውን ይቀራል ማለት ነው። በሕያው አንጎል ውስጥ ምልክቱ የሚገኘው ተጽፎ ስለ ተቀመጠ አይደለም፤ በተፋቀ ቁጥር እንደገና ስለሚጻፍ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ባዶውን ፊልም ሳይ ነው።

ፎስፌት በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በአጥንታችን ውስጥ አለ፤ ገበሬው ማሳው ላይ በሚበትነው ማዳበሪያ ውስጥም አለ። ፕሮቲን ላይ ሲለጠፍ የሚጨምረው ክብደት 80 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ ግሉኤ1 ግን ወደ 900 ከሚጠጉ አሚኖ አሲዶች የተሠራና ወደ 100,000 ዳልተን የሚመዝን ነው። ጭማሪው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ፎስፌቱ ምንም ቻርጅ ባልነበረው ቦታ ላይ ሁለት ያህል ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ይመጣል። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን አጎራባች ክፍሎች ይስባል፤ ኔጌቲቮቹን ይገፋል፤ ሌላ ፕሮቲን መጥቶ የሚጣበቅበትን ቦታ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። የፕሮቲኑ ቅርጽ በጥቂቱ ይለወጣል፤ ሥራውም ከቅርጹ ጋር አብሮ ይለወጣል።

ይህን መንገድ መጀመሪያ ያሳዩት በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1950ዎቹ አጋማሽ ያጠኑት አንጎልን ሳይሆን ጡንቻን ነበር፤ ጡንቻ ያከማቸውን ስኳር የሚፈታው ኢንዛይም ፎስፌት ሲለጠፍበት እንደሚነቃ አገኙ። የኖቤል ሽልማት የደረሳቸው በ1992 ነው። ነገሩን ወደ አንጎል ያመጣው ፖል ግሪንጋርድ ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ተመራማሪዎች የነርቭ መልእክት ከኤሌክትሪክና ከፈጣን ቅመሞች በላይ ሌላ ኬሚስትሪ የሚያስፈልገው አይመስላቸውም ነበር፤ እርሱ ግን የነርቭ ሕዋሶች በፎስፌት አማካይነት ራሳቸውን እንደሚያስተካክሉ በተከታታይ ሥራ አሳየ። በ2000 ከአርቪድ ካርልሰንና ከኤሪክ ካንዴል ጋር የኖቤል ሽልማትን ሲካፈል፣ የደረሰውን ገንዘብ በሕክምና ሳይንስ ለሚሠሩ ሴት ተመራማሪዎች ሽልማት እንዲሆን ሰጠ፤ ሽልማቱንም እርሱን ስትወልድ በሞተችው በእናቱ በፐርል ማይስተር ስም ሰየመው። ይህን የሰማሁ ቀን ለሰውየው ያለኝ አክብሮት በእጥፍ ጨመረ።

ከዶክትሬቱ በኋላ በግሪንጋርድ ቤተ ሙከራ የሠራው ሪቻርድ ሁጋኒር ጥያቄውን ሕዋሱ ሽፋን ላይ ወዳሉት ተቀባዮች ወሰደው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1986 ከኤሌክትሪክ ዓሣ የተገኘውን የአሴቲልኮሊን ተቀባይ አጥርተው ፎስፌት ሲለጥፉበት፣ ተቀባዩ ለቅመሙ የሚሰጠውን ምላሽ ቶሎ ማቋረጥ እንደሚጀምር አሳዩ። የነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ የተተከለ ተቀባይ ራሱ ሊስተካከል የሚችል መሣሪያ መሆኑ ግልጽ የሆነው እንዲህ ባሉ ሙከራዎች ነው። ከዚያ በኋላ የሁጋኒር ቡድን ትኩረት ወደ ግሉታሜት ተቀባዮች ዞረ፤ እኔም ስለ እነርሱ ነው መናገር የምፈልገው።

አንድ የነርቭ ሕዋስ ለጎረቤቱ መልእክት ሲያስተላልፍ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት፣ በሲናፕስ፣ ግሉታሜት ይለቃል። በተቀባዩ ወገን ሽፋን ላይ አምፓ የሚባሉ ተቀባዮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከአራት ክፍሎች የተገጠሙ ሲሆን፣ ግሉታሜት ሲነካቸው መሐላቸው ይከፈትና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል። የግሉኤ1 ጭራ ከሽፋኑ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ዘልቆ የተንጠለጠለ ነው፤ የሚጻፈውም የሚፋቀውም በዚህ ጭራ ላይ ነው። በ831ኛው ሰሪን ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ፣ ተቀባዩ በተከፈተ ቁጥር የሚያሳልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ከፍ ሊል ይችላል። በ845ኛው ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ተቀባዩ የመከፈት ዕድሉ ይጨምራል፤ ወደ ውስጥ ከመሳብ ይልቅም ሽፋኑ ላይ እንዲቆይ ይረዳዋል። 845ን የሚጽፈው ፒኬኤ የተባለው ካይኔዝ ነው፤ 831ን የሚጽፉት ደግሞ ፒኬሲ እና «ካምካይኔዝ ሁለት» የተባሉት ካይኔዞች ናቸው።

ይህ ከመማር ጋር ምን አገናኘው? በ1973 ቲሞቲ ብሊስና ተርየ ሎሞ በኦስሎ ባደረጉት ምርምር፣ በሰመመን ውስጥ ያለ ጥንቸል ሂፖካምፐስ የሚገባውን የነርቭ መንገድ በፈጣን ተከታታይ ምት ቢነኩት፣ ከዚያ በኋላ ያ መንገድ ለአንዲት ምት የሚሰጠው ምላሽ ለሰዓታት ከፍ ብሎ እንደሚቆይ ጻፉ። ይህ የሲናፕስ መጠንከር ለትውስታ መሠረት ሊሆን የሚችል ነገር ሆኖ ተወሰደ። በኋላም መጠንከሩን የሚጀምረው ወደ ሕዋሱ የሚገባ ካልሲየም እንደሆነ፣ ካልሲየሙ የሚገባበት በር ደግሞ ኤንኤምዲኤ የተባለው ሌላው የግሉታሜት ተቀባይ እንደሆነ ታወቀ። ይህ በር በማግኒዚየም የተወተፈ ስለሆነ ግሉታሜት ብቻውን አይከፍተውም፤ ሕዋሱ ራሱ በዚያው ቅጽበት በበቂ ሁኔታ መነቃቃት አለበት።

እዚህ ላይ ፋቂዎቹ እንደገና ይመጣሉ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የዚህ ትምህርት ክፍልም ይኸው ነው። ካልሲየም በብዛትና በፍጥነት ሲገባ ካይኔዞች ያይላሉ፤ ሲናፕሱ ይጠነክራል። ካልሲየም በጥቂቱና በዝግታ ሲገባ ግን ለአነስተኛ ካልሲየም ንቁ የሆነው ካልሲንዩሪን የተባለው ፎስፋቴዝ ይነሣል፤ እርሱም ፒፒ1 የተባለውን ሌላ ፎስፋቴዝ ከእገዳው ይፈታዋል፤ ሲናፕሱም ይደክማል። ያው በር፣ ያው ካልሲየም፣ የመጠኑ ልዩነት ብቻ አንዱን መንገድ ወደ መጻፍ ሌላውን ወደ መፋቅ ይመራዋል። በ2000 የታተመ የሁጋኒር ቡድን ጥናት ደግሞ የሲናፕሱ ያለፈ ታሪክም እንደሚቆጠር አሳየ፤ ቀድሞ ያልተነካ ሲናፕስ ሲጠነክር ፎስፌት የሚጨመረው 831 ላይ ሲሆን፣ ቀድሞ የደከመ ሲናፕስ ሲጠነክር የሚጨመረው 845 ላይ ነው። ሲናፕሱ አሁን የት እንደቆመ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም በጭራው ላይ ይነበባል ማለት ነው።

በ2003 ያው ቡድን ሁለቱ ሰሪኖች ፎስፌት ሊቀበል በማይችል አላኒን የተተኩባቸውን አይጦች አዘጋጀ። ከብዙ መቶ አሚኖ አሲዶች ሁለቱ ብቻ ናቸው የተለወጡት። የአይጦቹ ሲናፕስ መድከምን አጣ፤ መጠንከሩም ቀነሰ፤ በውሃ ገንዳ ውስጥ የተደበቀውን መቆሚያ ቦታ ተምረው ለማስታወስ በተፈተኑ ጊዜም የተማሩትን ይዘው መቆየት ላይ ጉድለት ታየባቸው። ሙሉውን ፕሮቲን ሳያጠፉ፣ ምልክቱ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በመንፈግ ትውስታን ማናጋት ተቻለ።

አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በልጅነታቸው በየኔታ ፊት በቃላቸው ያጠኑትን ጸሎት ዛሬም ጎህ ሲቀድ ተነሥተው አንድ ቃል ሳይዘልሉ ያደርሱታል። በዚያን ጊዜ በአንጎላቸው ሲናፕሶች ላይ የነበሩት ተቀባዮች ግን ዛሬ አንዱም የለም። አብዛኞቹ የሲናፕስ ፕሮቲኖች በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ፈርሰው በአዲስ ይተካሉ፤ ፎስፌቱማ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ታዲያ የሰባ ዓመት ትውስታ ከምን ላይ ነው የተጻፈው? የሞለኪውል ባዮሎጂ ሊቁ ፍራንሲስ ክሪክ ይህንኑ ጥያቄ በ1984 አነሣው። ያቀረበው ሐሳብ፣ ሞለኪውሎቹ ተጣምረው እያንዳንዳቸው ምልክት ቢኖራቸው፣ አንዱ በአዲስ ሲተካ የቀረው ጓደኛው አዲሱ ላይ ምልክቱን መልሶ ሊጽፍበት ይችላል የሚል ነበር። ጆን ሊስማን በማግስቱ ዓመት ተመሳሳይ ሐሳብ በስሌት አቀረበ።

ለዚህ ሐሳብ የሚስማማ የሚመስል ኢንዛይም ተገኝቷል፤ ካምካይኔዝ ሁለት። አሥራ ሁለት ክፍሎች በክብ የተደረደሩበት ሲሆን በሂፖካምፐስ ውስጥ እጅግ በብዛት ይገኛል። ካልሲየም ሲነሣ አንዱ ክፍል አጠገቡ ላለው ክፍል 286ኛውን ቦታ በያዘው ትሪዮኒን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ይለጥፍለታል፤ ያ የተለጠፈበት ክፍልም ካልሲየሙ ከሄደ በኋላ ሥራውን ይቀጥላል። ፋቂው መጥቶ የአንዱን ቢወስድበት ጎረቤቱ መልሶ ሊጽፍለት ይችላል። በ1998 ይህችን አንዲት ትሪዮኒን ብቻ በመለወጥ የተዘጋጁ አይጦች ሲናፕሳቸው መጠንከር ተሳነው፤ የቦታ ትምህርትም አልሆነላቸውም። በ2014 ደግሞ የነቁ ክፍሎች ካሉበት ክብ ወጥተው ወደ ሌላ ክብ በመግባት ያልነቁትን ሊያነቁ እንደሚችሉ ታየ፤ ይህም ከክሪክ ሐሳብ ጋር በጣም ይቀራረባል።

ይሁን እንጂ የወደድሁት ሐሳብ ስለሆነ ብቻ ተሸንፎ ያልታየ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። በ2009 የሪዮሄይ ያሱዳ ቡድን በአንዲት የሲናፕስ እሾህ (የሲናፕሱ ተቀባይ ወገን በሚገኝባት ትንሽ ጉብታ) ውስጥ የካምካይኔዝ ሁለትን እንቅስቃሴ በብርሃን ተከታትሎ ሲለካ፣ ሲናፕሱ ጠንክሮ ቢቆይም የኢንዛይሙ ንቃት ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አለመዝለቁን አገኘ። ስለዚህ ይህ ምልክት ትውስታን ለመጀመር እጅግ አስፈላጊ ሆኖ፣ ለዓመታት ተሸካሚው ግን እርሱ ላይሆን ይችላል። የሲናፕሱ መጠን፣ የተቀባዮቹ ብዛት፣ አዲስ የሚመረቱ ፕሮቲኖች፣ እነዚህ ሁሉ በክርክሩ ውስጥ አሉ። የእኔ ግምት መልሱ በአንድ ሞለኪውል ውስጥ አይገኝም የሚል ነው።

የፋቂዎቹን ድርሻ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየኝ በ2002 በዙሪክ ከኢዛቤል ማንሱይ ቡድን የወጣው ሥራ ነው። በአይጦች የፊት አንጎል ውስጥ ፒፒ1ን ተመራማሪዎቹ በፈለጉ ጊዜ እንዲታገድ አደረጉ። ጤነኛ አይጥ በተከታታይ፣ ያለ በቂ እረፍት ሲሠለጥን ያጠናውን ብዙ አይዝም፤ በመካከሉ እረፍት ሲሰጠው ግን በደንብ ይይዛል። ፒፒ1 የታገደባቸው አይጦች ግን በአጭር እረፍትም በደንብ ያዙ። ከተማሩ በኋላ ቢታገድባቸውም ትውስታቸው ረዘመ፤ ያረጁት እንኳ ተጠቀሙ። እንግዲህ መርሳት ቢያንስ በከፊል የሚሠራ ሠራተኛ ያለው ሥራ ነው። በችኮላ የሚያጠና ሰው የሚጽፈውን ፋቂው ከኋላው እየተከተለ ይፍቅበታል።

ይህን ጥናት ለአባቴ በምችለው መጠን ባስረዳቸው፣ «እኛማ የኔታ በአንድ ቀን ብዙ አይሰጡንም ነበር» አሉኝ። ቀን የተቀበሉትን ማታ በቃል መልሰው ይሉታል፤ በማግስቱ ለየኔታ ያሰማሉ፤ ያ ከጸና በኋላ ነው አዲስ የሚሰጣቸው። ስለ ፒፒ1 ማንም አልነገራቸውም፤ የእረፍቱን ጥቅም ግን ያውቁት ነበር።

ሁሉም ትምህርት ግን ብዙ ድግግሞሽ አያሻውም። ያስደነገጠን ነገር በአንድ ጊዜ ይቀረጻል። በ2007 ከሮቤርቶ ማሊኖውና ከሁጋኒር ቡድኖች በወጣ ጥናት፣ የቀበሮ ሽንት ያሸተቱ ወይም አድሬናሊን የተወጉ አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ የግሉኤ1 ፎስፌት ጨምሮ ተገኘ፤ አድሬናሊን የተወጋ አይጥ ያስደነገጠውን ቦታ ይበልጥ ያስታውሳል፤ ሰሪኖቹ በተለወጡባቸው አይጦች ላይ ግን ይህ ጥቅም አልታየም። ድንጋጤው ያመጣው ቅመም ፎስፌቱን አስቀድሞ ስለሚለጥፍ፣ ሲናፕሱ በትንሽ መነካት ለመጠንከር ዝግጁ ይሆናል። በእንቅልፍ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል፤ ነቅተው ከቆዩ አይጦች ይልቅ ተኝተው በተነሡት ዘንድ የ845 ፎስፌት ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ፎስፌት በእነዚህ ተቀባዮች ላይ የሚደረገው ብቸኛ ለውጥ አይደለም። አሥራ ስድስት ካርቦን ያለው የስብ ሰንሰለት የሚለጠፍባቸው ቦታዎች አሉ፤ ተቀባዩ ሽፋኑ ላይ ይቆይ ወይስ ወደ ውስጥ ይሳብ የሚለውን ይነካሉ። ስኳርም ይለጠፋል፤ ለመፍረስ የሚያዘጋጅ ምልክትም አለ። ስለ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ስለ ብዛቱም ክርክር እንዳለ መሰወር አይገባኝም። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በአይጥ አንጎል ውስጥ ፎስፌት ያለበት ግሉኤ1 እጅግ ጥቂት ስለሆነ ያን ሁሉ ሥራ ሊሸከም አይችልም አለ። በቀጣዩ ዓመት የሁጋኒር ቡድን በሌላ አለካክ ብዛቱ ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ እንደሆነ መልስ ሰጠ። ሁለቱንም ጽሑፎች ሳነብ መጀመሪያ ያየሁት ውጤቱን ሳይሆን የአሠራር ክፍሉን ነው፤ ሕብረ ሕዋሱ እንዴት ወጣ፣ በምን ፍጥነት ቀዘቀዘ፣ ፋቂዎቹ በምን ታገዱ። ባዶ ፊልም በእጁ ይዞ የቆመ ሰው ሌላ ቦታ መጀመር አይችልም።

አሁን አዲስ ተማሪ ወደ ቤተ ሙከራችን ሲመጣ አንድ ነገር አሳየዋለሁ። ከአንድ ሂፖካምፐስ ሁለት ቱቦ እናዘጋጃለን፤ በአንዱ ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድና ሌሎቹን ማገጃዎች እንጨምርና በረዶ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ሌላውን ያለ ማገጃ ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ እንተወዋለን። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስኬዳቸውና ፊልሙን አብረን እናጥባለን። የፕሮቲኑ መስመር በሁለቱም እኩል ይወጣል፤ የ845 መስመር ግን በአንዱ ጥቁር ሆኖ ሲታይ፣ በሌላው ቦታ ላይ ግልጹ ፊልም ብቻ ይታያል። ተማሪው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያየውና፣ «በግማሽ ሰዓት?» ብሎ ይጠይቀኛል።